የእናቴ ቴፕ እና ከአሜሪካ የመጣው ስካነር

ስካነር አለኝ ብዬ ባወራሁ በማግስቱ ጎረቤታችን መታወቂያዋን ይዛ በር አንኳኳች። ኮፒ እንዳደርግላት ነው። አልፈርድባትም። ደሴ ላይ ስካነር ሲባል ሰው የሚያውቀው ፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ያለውን፣ ክዳኑ ተከፍቶ ወረቀት የሚጋደምበትን ነው። የእኔው ወረቀት አያውቅም። ከእጅ ትንሽ ከፍ የሚል ጥቁር ሳጥን ነው፤ አናቱ ላይ የጎማ አንቴና ተሰክቶበታል። ሥራው ሞገድ ማሰስ ነው። ከአንዱ ፍሪኩዌንሲ ወደ ሌላው ይዘላል። የሚናገር ሰው ካገኘ ይቆማል። ሰውዬው ሲጨርስ መዝለሉን ይቀጥላል።

ይህን ሁሉ ካስረዳኋት በኋላ፣ «ታዲያ ራዲዮ ነው አትልም?» አለችኝ።

ራዲዮ ነው። ዘፈንም ዜናም የማይመጣበት ራዲዮ።

በሽታው የመጣብኝ ከአባቴ ነው። አባቴ ቡናማ የቆዳ ልብስ የለበሰ ናሽናል ራዲዮ ነበረው። ማታ ማታ አጭር ሞገድ ላይ መርፌውን በስንዴ ቅንጣት ያህል እያንቀሳቀሰ የጀርመን ድምፅንና የአሜሪካ ድምፅን ያድን ነበር። ድንጋዩ ሲደክም አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ዜናው ሲጀመር ቤቱ ጸጥ ይላል። እኔ ግን ከዜናው ይልቅ በሁለት ጣቢያዎች መካከል ያለውን ፉጨትና ስንጥቅጥቅ እወድ ነበር። እዚያ ውስጥ ሌላ ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር። አሁንም ይመስለኛል።

ዛሬ የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። የፋብሪካ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ጠዋት ሐረጎን ቁልቁል፣ ማታ ሐረጎን ሽቅብ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ በዚያች ርቀት ግን ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። ከደሴ ጃኬት ቆልፌ እነሳለሁ፤ ኮምቦልቻ ስደርስ ጃኬቱ ክንዴ ላይ ነው። ይህን ቁልቁለት ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የአጎቴ ልጅ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። ባለፈው ዓመት ሊመጣ ሲል «ምን ላምጣልህ?» አለኝ። ጫማ ወይም ስልክ እላለሁ ብሎ ጠብቋል። «ያገለገለ ስካነር» ስለው ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ ሳቀብኝ። ግን አልረሳም። እዚያ ሰዎች አሮጌ ዕቃቸውን ግቢያቸው ውስጥ ዘርግተው ከሚሸጡበት ቦታ፣ ዩኒደን ቤርካት 200ኤክስኤልቲ የሚባለውን አገኘልኝ። ከነአዳፕተሩ፣ ከነአንቴናው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖረ ዕቃ ነው። ሻጩ «ይሠራል» ብሎታል። ምን ማለቱ እንደሆነ ለማወቅ እኔ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

መጀመሪያ ቀን የሠራሁትን ጉድ ልናገርና ልገላገል። አብሮ የመጣው አዳፕተር እንደ ጡብ ይከብዳል። የዛሬዎቹ ቀላል ቻርጀሮች ጀርባቸው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል፤ የትም አገር ብትሰካቸው ይስማማቸዋል። የድሮው ከባዱ ግን የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ትራንስፎርመር ነው፤ ለአሜሪካ 120 ቮልት ብቻ የተሠራ። የእኛ ሶኬት 220 ነው። ይህን ማወቅ ያለበት ሰው ካለ እኔ ነኝ። እንጀራዬ ነው። ግን ጓጉቻለሁ። መሰኪያውን አስተካክዬ ሰካሁት። እምምም አለ። ጭስ ተነፈሰ። ቤቱ በተቃጠለ ላስቲክ ታጠነ። እናቴ ከጓዳ «ምን አቃጠልክ?» ስትል «ምንም» አልኳት። ደግነቱ ጫፉን ከስካነሩ ጋር ገና አላገናኘሁትም ነበር። ተገናኝቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ እዚህ ያልቅ ነበር።

ስለዚህ ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ ዕቃ የምትቀበሉ ሰዎች፣ ከሳጥኑ በፊት አዳፕተሩን አንብቡ። ምትክ ስትፈልጉ ደግሞ ቮልቱ ብቻ አይበቃም። የመሰኪያው መሃል ፖዘቲቭ ነው ወይስ ኔጌቲቭ? የዛሬዎቹ አብዛኞቹ መሃላቸው ፖዘቲቭ ነው። ከድሮዎቹ ግን የተገላቢጦሹን የሚጠቀሙ አሉ። ቀዳዳው አጠገብ ክብና ነጥብ ያላት ትንሽ ሥዕል አለች፤ እሷን ሳታዩ አትሰኩ።

ከዚያ ወደ ጋሼ ሄድኩ። ጋሼ ሙጋድ አካባቢ ራዲዮ የሚጠግኑ ሽማግሌ ናቸው። ሱቃቸው ከበር ሰፋ የሚል ነገር ነው። ሆዳቸው የተዘረገፈ ራዲዮኖች እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። ዛሬ አብዛኛው ሥራቸው የቴሌቪዥን ሪሞትና ስፒከር ነው። ስካነር ነክተው አያውቁም፤ የራዲዮ ጆሮ ግን አላቸው።

«ይበራል ጋሼ» አልኳቸው በኩራት። ጋሼ ግን ማብሪያውን አልነኩም፤ ሳጥኑን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት።

«መብራትማ ፋኖስም ይበራል። ይሰማል ወይ?»

መጀመሪያ የድንጋይ ቤቱን ከፈቱ። ነጭና አረንጓዴ ዱቄት መሰል ነገር ሲመለከቱ ምላሳቸውን ጠቅ አደረጉ። ድሮ የገባው ኒኬል ካድሚየም ጥቅል ፈስሷል። አሮጌ ራዲዮን ከሚገድሉት ነገሮች አንደኛው ይህ ነው። የፈሰሰው ነገር የብረት ስፕሪንጉን ብቻ ቢበላ ባልከፋ፤ በሽቦው ተስቦ ቦርዱ ድረስ ይሄዳል። የእኔው ስፕሪንጉ ላይ ቆሞ ነበር። ጋሼ ጥጥ በእንጨት ጠቅልለው ሎሚ ነክረው ጠረጉት፤ የፈሰሰው አልካላይን ስለሆነ አሲድ ያበርደዋል። ከዚያ የፋርማሲ አልኮል አስከተሉ። ጥቅሉን በአዲስ የሚሞሉ ሴሎች ተካነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። የሚሞላው ሴል 1.2 ቮልት ነው፣ ተራው ድንጋይ 1.5። ተራ ድንጋይ አስገብታችሁ ቻርጀር የሰካችሁ ቀን ዱቄቱ እንደገና ይመጣል፤ ሊፈነዳም ይችላል።

ቀጥሎ ቁልፎቹ። ከቁልፎቹ ሥር ካርቦን የተቀባ ላስቲክ አለ። ሰው በብዛት የሚጫነው ማሰሻውንና ማቆሚያውን ስለሆነ ቀድመው የሚሞቱት እነሱ ናቸው። ሻጭ ቁጥሮቹን ሲነካካ አይታችሁ አትታለሉ። እነዚያን ሁለቱን ተጫኗቸው። የእኔው ማሰሻ በአውራ ጣት ሙሉ ኃይል ካልሆነ አልሰማ አለ፤ ከፍተን በአልኮል ስናብሰው ተሻለው። ድምፅ መጨመሪያው ሲዞር እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሽ ነበር። እሱም በዚያው ዳነ። የአንቴናው መሰኪያ አልላላም። ድንጋዩን አውጥተን ሻይ ጠጥተን ስንመለስ የተመዘገቡት ቻናሎች አልጠፉም።

ሁለት መቶ ቻናል ይይዛል። ሁሉም ሞልተው ነበር። የድሮው ባለቤት የሞላቸው ናቸው። 154 ነጥብ ምናምን፣ 460 ነጥብ ምናምን፤ እዚያ አገር የእሳት አደጋና የፖሊስ መኪኖች ሲነጋገሩባቸው የኖሩት አካባቢ ነው። እዚህ ደሴ ላይ ሁሉም ዝም። አንድ ሳምንት ሳልሰርዛቸው ቆየሁ። የማላውቀው ሰው ማታ ማታ ሶፋው ላይ ሆኖ የሰማቸው ነገሮች ቁጥር ሆነው ተደርድረዋል። እናም ስሰርዝ ቅር አለኝ። ቁጥሮቹን ደብተር ላይ ገልብጬ ነው የሰረዝኳቸው። ለምን እንደገለበጥኩ አትጠይቁኝ።

ከዚያ በኋላ ነው እውነተኛው ችግር የመጣው። ሳጥኑ በርቷል። ቁልፎቹ ይሠራሉ። ስኩዌልች የሚባለውን ማፈኛ ወደ ኋላ ስታዞረው ሹሹሹ ይላል፤ ወደ ፊት ስታዞረው ጸጥ ይላል። እስካሁን በነካነው ሁሉ ደህና ነው። ግን የሰው ድምፅ የለም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት። መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። ጣራ ላይ ወጣሁ። ዝም። ደንቆሮ ይሁን ወይስ ሰማዩ ባዶ ይሁን በምን ይታወቃል?

ይህ ጥያቄ ቨርጂኒያ ውስጥ አይነሳም። እዚያ ስካነር ስትከፍት አንድ የሚናገር ነገር አይጠፋም፤ ዕቃው ካልሰማ ዕቃው ነው የታመመው። ደሴ ላይ ግን የዕቃውን ዝምታና የሰማዩን ዝምታ መለየት አለብህ። የአሮጌ ስካነር ግምገማ እኛ ዘንድ የሚከብደው እዚህ ጋ ነው።

መፍትሔው ቤት ውስጥ ነበር። እናቴ አሮጌ ቴፕ አላት። ካሴቱ ቤልቱ ስለላላ መንዙማውን እያጎተተ ስለሚያጫውት እሷ ኤፍኤም ብቻ ትሰማበታለች። መርፌ ያለው፣ በእጅ የሚዞር፣ የድሮ ዓይነት ነው። እንዲህ ያለ ኤፍኤም ራዲዮ ሲሠራ ውስጡ ራሱ አንድ ደካማ ሞገድ ያመነጫል። ያ ሞገድ አብዛኛውን ጊዜ ከምትሰሙት ጣቢያ 10.7 ሜጋ ኸርዝ ከፍ ይላል። የጣቢያውን ሞገድ ከዚህ ጋር አዋህዶ ነው ወደ አንድ ቋሚ ፍሪኩዌንሲ የሚያወርደው። ትንሽ ትንሽ ደግሞ ወደ ውጭ ያመልጣል። እንግዲህ መርፌውን ኤፍኤሙ መጨረሻ፣ 108 አጠገብ ብትወስዱት ያመለጠው ሞገድ 118.7 ላይ ይወድቃል። 118 ደግሞ የአውሮፕላን መነጋገሪያው የሚጀምርበት ነው። ማለትም እናቴ ሳታውቀው አነስተኛ የሙከራ ማሠራጫ ጓዳ ውስጥ አስቀምጣለች።

ስካነሩን ከ118 ወደ 119 እንዲያስስ አዘዝኩት። ቴፑን አጠገቡ አደረግሁ። መርፌውን ቀስ እያልኩ ወደ ቀኝ ገፋሁት። ስካነሩ ሹሹታውን በድንገት ዋጠና ቆመ። ድምፅ የለውም፤ ባዶ ሞገድ ነው። ግን ቆመ። መርፌውን ስነካው አመለጠው፤ ስመልሰው ያዘው። ሌሊት አምስት ሰዓት ገደማ ነበር። ብቻዬን ሳቅሁ። እናቴ ከአልጋዋ «አሁንስ ጤናህን» አለች።

በማግስቱ ግቢ ውስጥ በእርምጃ ለካሁት። ቴፑን ደጃፍ ላይ ትቼ ስካነሩን ይዤ ራቅሁ። አሥራ አራት እርምጃ ድረስ ሰማ። አሥራ አምስተኛው ላይ ጠፋ። ይህ ቁጥር ብቻውን ምንም አይደለም፤ በቴፑ ዓይነት፣ በግቢው፣ በግድግዳው ይለያያል። ግን ለማወዳደር ይሆናል። ሌላ ስካነር ባገኝ በዚያው ቴፕ፣ በዚያው አንቴና እለካዋለሁ። ወደፊት የሚጠቅመኝ ነገር አገኘሁ። ማሳሰቢያ ቢጤ፤ የአዲሶቹ ባለ አንድ ቺፕ ዲጂታል ራዲዮኖች ለዚህ አይሆኑም። አሮጌ ቴፕ ያላችሁ ሰዎች ለልዋጭ አትስጡ።

ስካነሩ ይሰማል ማለት ነው። እንግዲያው ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሰማዩን አልገመገምኩም።

እነዚህ ሞገዶች እንደ አባቴ አጭር ሞገድ ከሰማይ ነጥረው አይመለሱም። በቀጥታ ነው የሚሄዱት፤ ተራራ ካገኙ ያበቃላቸዋል። ደሴ ደግሞ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ሳህን ውስጥ የተቀመጠች ከተማ ናት። መሬት ላይ ያለ ነገር ከሳህኑ ውጭ ሆኖ ቢናገር አይደርሰንም። ከፍ ያለ ነገር ግን ሌላ ነው። ለዚህ ቀላል ሒሳብ አለ። የሚናገረውን ነገር ከፍታ በሜትር ወስዳችሁ ስኩዌር ሩቱን በ4.12 አባዙት፤ ኪሎ ሜትሩ ይመጣል። አውሮፕላን 10,000 ሜትር ላይ ነው እንበል። ሩቱ 100 ነው። 412 ኪሎ ሜትር! ከደሴ ተነስታችሁ አዲስ አበባን ታልፋላችሁ፤ በምሥራቅ ጅቡቲ ትደርሳላችሁ። ዙሪያችን ያለው ተራራ ከዚህ ብዙ ይቀንሳል፤ ሰማዩ ግን ባዶ አልነበረም። እኔ ነበርኩ ሳህን ውስጥ ተቀምጬ የምጠብቅ።

አንቴናውን ቀየርኩ። የጎማው አንቴና ለኪስ ይመቻል፤ ለጆሮ ግን ደካማ ነው። 57 ሴንቲ ሜትር የመዳብ ሽቦ ወደ ላይ፣ አራት ተመሳሳይ ሽቦ ወደ ታች ዘንበል ብለው፣ ከዚያ የዲሽ ኬብል። ዋጋው ከምሳ አይበልጥም። የዲሽ ኬብል ለዚህ አልተሠራም የሚሉ አሉ። ለመናገር ቢሆን እውነት ነው፤ ለመስማት ግን የሚጎድለው ነገር አይታይም። ርዝመቱ የመጣው ከሞገዱ ነው። 125 ሜጋ ኸርዝ 2.4 ሜትር ይረዝማል፣ ሩቡ 60፣ ለሽቦው ጥቂት ይቀነሳል።

እሁድ ጠዋት ጣራው ላይ የመጀመሪያውን ድምፅ ሰማሁ። በእንግሊዝኛ ነው። ከፍታና አቅጣጫ፣ የሚደርስበት ሰዓት። አራት ሰከንድ ቢሆን ነው። ከዚያ ዝም። በብዙ የአፍሪካ ሰማይ ላይ አብራሪዎች 126.9 ሜጋ ኸርዝን ለዚህ ይጠቀሙበታል። የመሬት ጣቢያ ሳይጠይቃቸው «እኔ እዚህ ነኝ፣ በዚህ ከፍታ፣ ወደዚህ እሄዳለሁ» ብለው ይናገራሉ፤ በአካባቢው ያለ ሌላ አውሮፕላን እንዲሰማ። መልስ አይጠብቁም። ይህን ካወቅሁ ጀምሮ ያንን ቻናል ነው አብዝቼ የምከፍተው።

አሁን ሐረጎ ይመለስ። ወደ ኮምቦልቻ የሚመጣው ባለ ፕሮፔለሩ አውሮፕላን ገና ከፍታ ላይ እያለ ደሴ ቤቴ ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማል። መውረድ ሲጀምር ድምፁ በአረፍተ ነገር መሃል ይቆረጣል። ተራራው ዋጠው ማለት ነው። አንድ ቀን ግን ከሥራ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሐረጎ ላይ ጎማ ቀየረ። ማዳመጫዬን ሰካሁ። የኮምቦልቻ ሜዳ ከሥሬ ተዘርግቷል። ያው አብራሪ እስኪያርፍ ድረስ አልተቆረጠም። ሳጥኑ ያው ነው፣ አንቴናው የጎማው ነው። የተቀየረው የቆምኩበት ቦታ ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ሰው «ይህ ስካነር ጥሩ ነው ወይ?» ሲለኝ መጀመሪያ ቤቱ የት እንደሆነ እጠይቀዋለሁ።

ይህ የዋጋ ነገርንም ያቀናል። ሻጮች የሚያስከፍሉት በቻናል ብዛት ነው። ሃያ ቻናል ርካሽ፣ አራት መቶ ቻናል ውድ። እኔ ከሁለት መቶው የምጠቀመው ሰባቱን ነው። ከቻናሉ ይልቅ የሚዘላቸውን ክፍተቶች እዩ። ቤርካቱ ከ29 እስከ 54፣ ከ118 እስከ 174፣ ከ406 እስከ 512፣ ከ806 እስከ 956 ሜጋ ኸርዝ (የሞባይል ስልኩ ክፍል ሲቀር) ይሰማል። መሃል ላይ ያሉት ጉድጓዶች ለእርሱ የሉም። ለእኔ ሁለተኛው ክፍል ብቻ ይበቃኛል፤ አውሮፕላኑ እዚያ ውስጥ ነው። ደግሞ አውሮፕላን የሚናገረው ኤኤም በሚባለው ድምፅን ሞገድ ላይ የመጫኛ ዘዴ ስለሆነ፣ ኤፍኤም ብቻ የሚፈታ አሮጌ ስካነር ካጋጠማችሁ ተውት።

ሌላው ማባበያ «ያልተቆለፈ ነው» የሚለው ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። በአሜሪካ የድሮው ሞባይል አናሎግ ስለነበር የሰው የስልክ ወሬ ስካነር ላይ ይሰማ ነበር። ከእ.ኤ.አ. 1994 ጀምሮ ያንን የ800 ሜጋ ኸርዝ ክፍል የሚሰማ ስካነር ማምረትና ማስገባት ተከለከለ። ያንን ክፍል የሚሰሙት የድሮዎቹ «ያልተቆለፉ» ተባሉና ዋጋቸው ወጣ። አሁንም ድረስ ሰው በዚያ ስም ይጨምራል። የአናሎጉ ሞባይል ግን እዚያው አገር እ.ኤ.አ. 2008 ላይ ተሸኝቷል። እኛ ጋ ደግሞ ሞባይል እ.ኤ.አ. በ1999 ሲጀምር ከመጀመሪያው ዲጂታል ነበር። የሌለ ነገር ለመስማት ገንዘብ አትክፈሉ። ቢኖርም የሰው ስልክ መስማት ነውር ነው፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክስ የሚደረግ ግንኙነትን ይጠብቃል።

ዲጂታሉ ነገር ሰፋ ያለ ነው። በየአገሩ ፖሊሱም አምቡላንሱም ወደ ዲጂታል እየተዛወረ ነው። የድሮ ስካነር ያ ላይ ሲደርስ የሚሰማው እንደ ወፍጮ ያለ ጩኸት ብቻ ነው። በፈረንጅ አገር ብዙ ሰው ስካነሩን ግቢው ላይ ዘርግቶ የሚሸጠው ለዚህ ይመስለኛል። ለእኔ ግን ጥሩ ሆነ፤ አውሮፕላኑ አሁንም አናሎግ ነው፣ ሳጥኑ ደግሞ ረክሷል።

ጓደኛዬ አንዱ «ለምን አውራ ጣት የምታህለዋን ዩኤስቢ አትገዛም?» ይለኛል። አርቲኤል-ኤስዲአር የሚሏት ናት። ለቴሌቪዥን መቀበያ የተሠራች ነች፤ ኮምፒውተር ላይ ስትሰካ ግን ከ24 እስከ 1,700 ሜጋ ኸርዝ ድረስ ትሰማለች። ልክ ነው። ከቤርካቴ በሁሉም ነገር ትበልጣለች። ሞገዱን በዓይን ታሳያለች። ጀማሪ ቢጠይቀኝ እሷን ነው የምመክረው። እኔ ግን ላፕቶፕ ተሸክሜ ሐረጎ ላይ አልቆምም። መብራት ሲጠፋም፣ መቼም መጥፋቱ አይቀርም፣ ሰፈሩ ሁሉ ጨልሞ ቻርጀሩም ሞገድ የሚረብሸውም ነገር ሁሉ ሲተኛ፣ ስካነሩ ከሁሉ ሰዓት የበለጠ ይሰማል።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ የለብኝም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ከገባ ወዲህ አንቴና ያለው ሳጥን ይዞ ኮረብታ ላይ መቆም እንደ ዋዛ የሚታይ ነገር አይደለም። እኔም ሞኝ ነበርኩና አንድ ቅዳሜ ወደ አዝዋ ገደል በኩል ወጣሁ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ማዳመጫዬን እንደሰካሁ አንድ አባት ከኋላዬ መጡ። በትራቸውን ተደግፈው ለረዥም ጊዜ አዩኝ።

«ምንድን ነው እሱ፣ ልጄ?»

«ራዲዮ ነው አባባ። አውሮፕላን ነው የምሰማበት።»

«ትናገርበታለህ?»

«አይናገርም አባባ። ይሰማል ብቻ።»

አላመኑኝም። ተነስቼ ማዳመጫውን ሰጠኋቸው። ጆሮአቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። ዕድል ሆኖ አንዱ ተናገረ። «ምን አለ?» አሉኝ። ከፊቴ ደመና አለ፣ ትንሽ ወደ ግራ ልዙር እያለ ነው ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ። «ደመናው ወዴት ነው? ወደኛ ነው የሚመጣው?» ሐምሌ ነበር። አላውቅም አልኳቸው። ማዳመጫውን መልሰው ሲሄዱ፣ «አብሽር፣ እኔ አምኜሃለሁ። ልጆቹ ግን አያምኑህም። ሁለተኛ ሳትነግራቸው እንዳትመጣ» አሉኝ።

ሁለተኛ አልሄድኩም። አሁን የምሰማው ከጣራዬ ነው፤ ጎረቤትም ያውቃል፣ ቀበሌም ያውቃል። ከአውሮፕላኑ ክፍል ውጭ ያሉትን ቻናሎች ባዶ አድርጌአቸዋለሁ፤ ቢጠይቁኝ ከፍቼ አሳያለሁ። እናንተም ከውጭ ከማስመጣታችሁ በፊት በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ጠይቁ። መናገር የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ የስካነር ነገር አይደለም፤ ፈቃድ ያለው የአማተር ራዲዮ መንገድ አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኢቲ3ኤኤ የሚባለው የክለብ ጣቢያ ለዚህ ነው ያለው።

ባለፈው ወር ኮምቦልቻ አንድ ሰው የጠረጴዛ ስካነር እንዳለው ሰማሁ። ሪያሊስቲክ ፕሮ-2006። ልቤ ዘለለ። አራት መቶ ቻናል፣ ከ25 እስከ 520፣ ከ760 እስከ 1,300 ሜጋ ኸርዝ፤ ከአሮጌዎቹ መካከል ስሙ የሚጠራ ነው። 18 ሺህ ብር ብሏል። «ያልተቆለፈ ነው» ማለቱንም አልረሳም።

ቅዳሜ ጠዋት የእናቴን ቴፕ በፌስታል ጠቅልዬ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። እናቴ «ቴፔን ወዴት?» አለች። ላሠራልሽ ነው አልኳት፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ሻጩ ቡና አፈላልኝ። መልካም ሰው ነው። ስካነሩን በ110 ቮልት መቀየሪያ ሰካው። ብርቱካናማ መብራቱ ቦግ አለ። ያምራል። አንድም ጭረት የለውም። ቁልፎቹ ሁሉ አዲስ ናቸው። «አየህ?» አለኝ። አየሁ አልኩት። የቤርካቴን የጎማ አንቴና ነቅዬ እሱ ላይ ሰካሁ፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት መሰኪያ ነው ያላቸው። ቴፑን አወጣሁ። ሰውዬው ቴፑን ሲያይ ሳቁን ማቆም አቃተው። ልጆቹን ጠራ።

መርፌውን ወደ 108 ወሰድኩት። ስካነሩ ቴፑን ሲነካው ያዘው። አንድ እርምጃ ራቅሁ፣ ያዘው። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ጠፋ። ተመልሼ ደገምኩት፤ ሦስት። ቤርካቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ እዚያው ግቢ ውስጥ ለካሁት፤ አሥራ ሁለት። ያ የሚያምር ሳጥን መግቢያው ላይ ያለችው የመጀመሪያዋ ትራንዚስተር ሞታ ይመስለኛል። መብረቅ ይሁን፣ አጠገቡ በኃይለኛ ራዲዮ የተናገረ ሰው ይሁን፣ አንድ ነገር ጆሮውን ደፍኖታል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጤነኛ ስለሆነ ይበራል፣ ይዘላል፣ ሹሹ ይላል።

«ጆሮው ታሟል ወንድሜ» አልኩት።

«ይኸው በርቶ እያየኸው?»

ደሴ የማውቃቸው ጠጋኝ አሉ፣ ምናልባት ያድኑታል፣ እስከዚያ ግን 18 ሺህ አያወጣም አልኩት። ዋጋው አይቀንስም አለኝ። ሌላ ሰው ሳይፈትን ሊገዛው እንደሚችል ሁለታችንም አውቀናል። ሁለተኛውን ቡና ጠጣሁ፤ በሰላም ተለያየን።

ስመለስ ቴፑን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ሐረጎን ስንወጣ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው በፌስታሉ ቀዳዳ ያየው ጀመር።

«ይሸጣል?»

«አይሸጥም። የእናቴ ነው።»

ጥቂት ቆየ። መታጠፊያውን ዞርን፤ የኮምቦልቻ ሜዳ በመስኮቱ በኩል ተገለጠ።

«ግን ይበራል?» አለኝ።